በቫርኒሽ የታፈነው ስኪ፦ የአንድ ጥንድ የእንጨት ስኪ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ሰሜን ስዊድን ኡሜኦ ከተማ የምትኖር ጓደኛዬ ከባሏ አያት የተረፈ አንድ ጥንድ የእንጨት ስኪ (በረዶ ላይ መንሸራተቻ) አላት፣ ርዝመቱ 205 ሴንቲ ሜትር፣ ሶሉ (በረዶውን የሚነካው የታች ገጽ) በርች የሚባለው ነጣ ያለ እንጨት፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ደግሞ ሊግኖስቶን የሚሉት ተጨምቆ የጠነከረ የቢች እንጨት የገባበት፣ ማሰሪያው የድሮው ባለ ሶስት ፒን። የገጠር ቤታቸው ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለዓመታት ጌጥ ሆኖ ኖሮ ባለፈው ክረምት እሷ «እስቲ ልሞክረው» ብላ አወረደችው፣ ኒዳላ ሐይቅ ዙሪያ ያለው ትራክ ላይ ወጣች፣ አንድ ዙር እንኳን ሳትጨርስ ትከሻዋ ላይ ተሸክማው ተመለሰች። ማታ ደወለችልኝ።

«አንተ፣ ይሄ ነገር ዳገት ላይ ወደ ኋላ ያንሸራትተኛል፣ ሜዳው ላይ ደግሞ በረዶ ይሰበስብና አልንቀሳቀስም ይላል። ወይ ይንሸራተት ወይ ይጣበቅ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ምን የሚሉት ነው?»

መልሱ እዚሁ ቅሬታዋ ውስጥ ነበር። ክሮስ ካንትሪ ስኪ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ፣ ይሄ ከተራራ ቁልቁል የሚወረድበት ስኪ አይደለም፣ ሜዳውንም ዳገቱንም በራስህ ጉልበት የምትሄድበት ነው፣ ተረከዝ አይታሰርም፣ ጫማው የሚያዘው ጣቱ ጋ ብቻ ነው። ስኪው መሃሉ ትንሽ ወደ ላይ የተቀሰተ ነው፣ ሁለቱም ላይ ቆመህ ስትንሸራተት ክብደትህ ስለሚከፈል መሃሉ በረዶውን ብዙም አይጫነውም፣ በአንድ እግርህ ገፋ ስታደርግ ግን ቅስቱ ይጫንና መሃሉ በረዶ ላይ ይተኛል፣ እዛ ጋ የተቀባው ሰም የበረዶውን ቅንጣት ያዝ ያደርግልህና ወደ ፊት ትሄዳለህ። ሰሙ ለዕለቱ በረዶ ከመጠን በላይ ጠንካራ ከሆነ አይዝም፣ ያንሸራትታል። ከመጠን በላይ ለስላሳ ከሆነ ደግሞ በረዶውን አልለቅም ይላል። ስለዚህ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰም፣ ሁለቱም ችግር አንድ ስኪ ላይ ከመጣ ሰሙን ትተህ ሰሙ የተቀባበትን እንጨት ነው ማየት ያለብህ።

አማቷ ግን ሰሙ ነው አሉ። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን ስኪ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው፣ «ሰማያዊውን ሰም ቅቢና በቡሽ እሺው» አሏት፣ ቀባች፣ አሸች፣ ለትንሽ ጊዜ ያዘላት፣ ከዛ ሰሙ እየተላጠ ሄደ። ቫዮሌቱን ሞከረች፣ ባሰበት። ከተማ ውስጥ አንድ የስፖርት እቃ ሱቅ ወሰደችው፣ እዛ ያለው ልጅ ከላይ እስከ ታች አየውና መልሰሽ ግድግዳው ላይ ስቀይው አላት። እውነቱን ለመናገር ልጁ ላይ አልፈርድም፣ እሱ የተወለደው ፕላስቲክ ዘመን ነው።

እኔ ስሄድ መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ሰምም ቅጥራንም አልነበረም፣ ውሃ ነው። ስኪውን ጠረጴዛ ላይ ገልብጠን፣ አሮጌውን ሰም በስክሬፐር ፍቀን፣ በተርፐንታይን (ያው አገር ቤት ቀለም ቀቢዎች በአኳራጅ የሚሰሩትን ስራ የሚሰራ) በደንብ ወልውለን፣ እስኪደርቅ ጠብቀን፣ ከዛ በማንኪያ ጫፍ ጠብታ ጠብታ ውሃ ከአፍንጫው እስከ ጭራው አንጠባጠብንበት። መብራቱን ጠጋ አርገን አየን። መሃል ላይ፣ ልክ ከጫማው ስር፣ ጠብታው ክብ ሆኖ ቆመ፣ ስኪውን ትንሽ ዘንበል ስናደርገው ተንከባሎ ወረደ። ከዛ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ያለው ጠብታ ደግሞ ቀስ ብሎ ጠፍጠፍ አለ፣ ዙሪያው ያለው እንጨት ጠቆረ፣ ትንሽ ቆይቶ ውሃው የለም፣ እንጨቱ ጠጥቶታል፣ በጣት ሲዳሰስ የእንጨቱ ክር ቆሞ ይሻክራል። ሶሉ በሙሉ እንዲህ ነበር፣ አንዱ ጋ ብርጭቆ፣ አንዱ ጋ ስፖንጅ።

ባሏን ጠየቅነው። መጀመሪያ ምንም አላስታወሰም፣ በኋላ ግን እናቱ ከመስቀላቸው በፊት እንዲያምር ብለው ቫርኒሽ እንደቀቡት ትዝ አለው። ላዩን ብቻ ሳይሆን ታቹንም። ሴትየዋ ምንም ጥፋት የለባቸውም፣ ለግድግዳ ነው የቀቡት፣ ለግድግዳ ደግሞ ቫርኒሽ ጥሩ ነው።

ሁሉም ነገር የተገጣጠመልኝ እዚህ ጋ ነው። ቫርኒሹ ባልተሰነጠቀበት ቦታ ሶሉ ልሙጥ ነው፣ ሰም ልሙጥ ቫርኒሽ ላይ አይቆምም፣ በረዶው በትንሽ መንገድ ይልጠዋል፣ ስለዚህ ዳገት ላይ ያንሸራትታል። ቫርኒሹ በተሰነጠቀበትና በተፋቀበት ቦታ ደግሞ ራቁቱን የቀረ ደረቅ በርች አለ፣ ሲሄዱበት የሚቀልጠውን ውሃ ይጠጣል፣ ውሃው እንጨቱ ውስጥ ሆኖ ይቀዘቅዛል፣ በረዶ በረዶን ይስባል፣ ከዛ እግርህ ስር ጓል ተሸክመህ ትቆማለህ። አንዱ ቦታ ውሃ የሚገፋ ግን ሰም የማይዝ፣ ሌላው ቦታ ውሃ የሚጠጣ። የእንጨት ስኪ ሶል ግን ሁለት ነገር አንድ ላይ መስራት አለበት፣ ውሃ መግፋትና ሰም መያዝ፣ ለዚህ ደግሞ ከድሮ ጀምሮ የሚታወቀው መድሀኒት የፓይን ቅጥራን ነው፣ እዚህ ታር የምንለው።

ቅጥራን ሲባል የኖህ መርከብ ትዝ የሚለው ሰው አይጠፋም፣ መንገድ ላይ የሚፈሰውን የአስፋልት ሬንጅ የሚያስብም አለ፣ ሬንጁን እርሱት፣ እሱ ከነዳጅ የሚመጣ ሌላ ነገር ነው፣ ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ታርም አለ እሱንም በጭራሽ እንዳትነኩት፣ ካንሰር አምጪ ነገሮች በብዛት አሉበት። የኛው የሚወጣው ከፓይን ዛፍ ጉቶና ስር ነው፣ ሙጫ በደንብ የተጠራቀመበት ክፍል ማለት ነው። ጉቶው ተነቅሎ፣ ተፈልጦ፣ ደርቆ፣ ተዳፋት ላይ በተቆፈረ መሃሉ ጎድጎድ ባለ ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይደረደራል፣ በሳርና በአፈር ይለበዳል፣ ከዛ እሳት ይለኮስበታል፣ ግን ቦግ ብሎ እንዲነድ አይፈለግም፣ አየር አጥሮት ለቀናት እየጨሰ ነው የሚከርመው፣ ሙቀቱ ሙጫውን እየፈታ ወደ ታች ያወርደዋል፣ ከስር በተቀበረው ቱቦ በኩል ጥቁር ቡናማ ሆኖ በርሜል ውስጥ ይገባል። ሲያልቅ ጉድጓዱ ውስጥ የሚቀረው ከሰል ነው።

ስዊድንና ፊንላንድ በዚህ ነገር ሀብታም ሆነውበታል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝና የሆላንድ መርከቦች እንጨታቸውም ገመዳቸውም ያለ ታር አይሆንም ነበር፣ ፊንላንድ ያኔ በስዊድን ዘውድ ስር ስለነበረች ዋናው ምንጭ ይሄው አካባቢ ነው፣ በ1648 (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የስዊድን መንግስት ንግዱን ለአንድ የታር ኩባንያ በሞኖፖል ሰጥቶታል። እስከዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ስቶክሆልም ታር» እያለ ነው የሚጠራው። ኖርዌይ ያሉት የመካከለኛው ዘመን የእንጨት ቤተክርስቲያኖች እንደነ ቦርጉንድ ያሉት ስምንት መቶ ዓመት ገደማ ዝናብና በረዶ ችለው የቆሙት ግድግዳና ጣሪያቸው በየጊዜው ታር እየተቀባ ነው። ስኪውም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፣ እንጨት ነው፣ በረዶ ላይ ነው፣ መጠጣት የለበትም።

እንዴት ነው የሚሰራው ለሚል ሰው፣ አዲስ ምጣድ ማሟሸት አይታችሁ የለ? ምጣዱ ይግላል፣ በጎመን ዘር ይታሻል፣ ዘይቱ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ከዛ እንጀራው ይነሳል። ሙቀት ባይኖር ዘይቱ ላይ ላዩን ቀርቶ ይጨማለቅ ነበር። ታርም ያው ነው፣ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ እንጨቱ ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት በሙቀት ይወጣል፣ ሲበርድ ደግሞ ታሩ ወደ ውስጥ ይሳባል። ላዩ ላይ የቀረው ይጠረጋል። ሶሉ ላይ እንደ ሽፋን የሚቆም ንብርብር አይደለም የምትፈልገው፣ እንጨቱ ራሱ እንዲጠግብ ነው። ቫርኒሽና ታር የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፣ ቫርኒሽ ይሸፍናል፣ ታር ይገባል። ቫርኒሽ ባለበት ላይ ታር ብትቀባ መግቢያ የለውም፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ስራ የታር ስራ አይደለም፣ የመፋቅ ስራ ነው።

ትንሽ ልውጣና ልመለስ፣ ለምንድነው እዚህ አገር በየግድግዳው የእንጨት ስኪ የተሰቀለው? መልሱ 1974 ፋሉን ነው። የኖርዲክ ስኪ የአለም ሻምፒዮና እዛው ስዊድን ፋሉን ላይ ተካሄደ፣ የስዊድኑ ቶማስ ማግኑሰን 30 ኪሎ ሜትሩን በፋይበርግላስ ስኪ አሸነፈ፣ ያኔ ብዙው ሰው ገና እንጨት ላይ ነበር። በዛው ሻምፒዮና 15 ኪሎ ሜትሩን ኖርዌያዊው ማግኔ ሚርሞ በእንጨት ስኪ ወሰደው፣ እሱም በእንጨት ስኪ ያሸነፈ የመጨረሻው የአለም ሻምፒዮን ሆኖ ቀረ። ከዛ በኋላ በጥቂት ዓመት ውስጥ እንጨቱ ከውድድር ወጣ፣ ከውድድር የወጣ ከሱቅ ይወጣል፣ ከሱቅ የወጣ ምድር ቤት ይገባል ወይ ይሰቀላል። የኛው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳዳሪ ሆኖ 15 ኪሎ ሜትር ክላሲክ ሲወጣ እንጨት ከውድድር ከጠፋ ሰላሳ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ዛሬማ ስዊድን ውስጥ ፍሪቲድስባንከን የሚባለው የስፖርት እቃ ማዋሻ ጋ ሄደህ ፕላስቲክ ስኪ ለ14 ቀን በነጻ ትዋሳለህ፣ ጓደኛዬንም ይሄንኑ ነግሬያት ነበር፣ «እኔ የምፈልገው ይሄን ነው» አለች፣ አለቀ።

ወደ ስራው። ቫርኒሽ ከስኪ ሶል ላይ ማንሳት አሰልቺ ነው። ኬሚካል ማስለቀቂያ መጠቀም ይቻላል፣ እኔ አልወደውም፣ የቀለጠው ቫርኒሽ መልሶ እንጨቱ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ ከዛ ታጥቦ አያልቅም። በብረት ስክሬፐር ነው የሰራነው፣ ከአፍንጫ ወደ ጭራ፣ የእንጨቱን ክር ተከትሎ፣ በሁለት እጅ ይዞ ትንሽ ወደ ፊት አዘንብሎ መግፋት ነው። ስክሬፐሩ በደንብ ከተሳለ የሚወጣው እንደ ዱቄት ሳይሆን ስስ ጥቅልል ነው፣ ዱቄት ማውጣት ከጀመረ አቁመህ ሳለው። ሶሉ መሃል ለመሃል የሚሄደው ቦይ ደግሞ ቀጥ ያለ ብረት አይገባበትም፣ የማንኪያ ጀርባ የመሰለ ክብ ስክሬፐር ይፈልጋል፣ ሰው ቸል የሚለው እሱን ነው፣ ቦዩ ውስጥ የቀረ ቫርኒሽ በረዶ መያዝ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ሊግኖስቶኑ ጠርዝ ላይ ቀስ ማለት ነው፣ እሱ ሹል ሆኖ መቅረት አለበት፣ ታር ብዙም አይጠጣም፣ ስኪው መንገዱን እንዲይዝ ነው እዛ የገባው።

ከስክሬፐሩ በኋላ 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እንጨት ላይ ጠቅልለን በቀስታ፣ ከዛ 180፣ ከዛ በላይ የለም። አንዳንዱ እንደ ጠረጴዛ እስኪያብረቀርቅ ያሸዋል፣ እዚህ ማብረቅረቅ አይፈለግም፣ እንጨቱ አፉን ከፍቶ መቆየት አለበት። ዱቄቱን በብሩሽ ጠርገን በተርፐንታይን ወልውለን እንደገና ጠብታ። አሁን በሙሉ ጠጣ፣ ከአንድ ቦታ በስተቀር፣ የቀኙ ስኪ ተረከዝ አካባቢ አውራ ጣት የምታክል ጭረት ላይ ጠብታው አሁንም ቆመ። እንደገና ተፋቀ፣ ትንሽ ተሻለ፣ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፣ ከዚህ በላይ ብንፍቅ ሶሉ ይሳሳል ብለን ተውነው።

ከታሩ በፊት አንድ ሌላ ነገር ወጣ። ስኪው ከአንድ እንጨት የተጠረበ አይደለም፣ ስስ ስስ ሆነው የተጣበቁ እንጨቶች ናቸው፣ የግራው አፍንጫ ላይ ማጣበቂያው ለቆ ወደ አራት ሴንቲ ሜትር ተከፍቷል፣ ቢላ ጫፍ ይገባበታል። ይሄ ከታሩ በፊት ነው የሚጣበቀው፣ ታር ከገባበት በኋላ ምንም ኮላ አይዝም። በኢፖክሲ ሞልተን በማጥበቂያ ይዘን እስኪደርቅ ተውነው። ስኪዎቹን ቤት ውስጥ፣ ከራዲያተሩ ራቅ አድርገን፣ ለጥቂት ቀን አቆየናቸው፣ እርጥበት ያለው እንጨት ላይ ታር ከቀባህ እርጥበቱን ውስጥ ቆለፍክበት ማለት ነው።

ታሩን ከሱቅ ስትገዙ ወፈር ያለ ለጀልባና ለጣሪያ የሚሆን አለ፣ ቀጠን ብሎ ለስኪ የተዘጋጀም አለ። ወፍራሙ በተርፐንታይን ሊቀጥን ይችላል፣ ግን ቀጭኑ ካለ ለምን ትለፋለህ። ቀለሙ ጥቁር ሲመስል ጠብታውን ብርሃን ላይ ስታየው ቀይ ቡናማ ነው፣ ሽታው የጭስ ሽታ ነው፣ ልብስ ላይ ከያዘ አይለቅም፣ ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ ወይ ውጪ ስሩ።

አሁን እሳቱ። ኢንተርኔት ላይ ያለው ቪዲዮ ሁሉ የጋዝ ነበልባል ነው፣ ሰማያዊ እሳት፣ ጭስ፣ ፎቶው ያምራል። እኔ ሂት ጋን (ትኩስ አየር የሚነፋ መሳሪያ) ነው የምመርጠው። ነበልባል የሚያውቅ ሰው እጅ ላይ ጥሩ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ግን የድሮ ማጣበቂያ ያለበት ስኪ ላይ አንድ ቦታ ትንሽ ከቆየህ እንጨቱ ይጠቁራል ማጣበቂያውም ይለቃል። በዛ ላይ ተርፐንታይን በ35 ዲግሪ አካባቢ የሚቀጣጠል ተን መስጠት ይጀምራል፣ ገና የተወለወለ ሶል ላይ እሳት ይዞ መምጣት ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። የተወለወለው ደርቆ፣ ቆርቆሮው ተከድኖ፣ ከክፍሉ ወጥቶ ነው ሙቀት የሚጀመረው።

ሶሉን በሁለት ክንድ በሁለት ክንድ ነው የያዝነው። እሷ በብሩሽ ስስ አድርጋ ትቀባለች፣ እኔ ሂት ጋኑን ከስንዝር ባነሰ ርቀት ሳላቆም ወዲያ ወዲህ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ታሩ ያብረቀርቃል፣ ከዛ ይፈስሳል፣ ከዛ ጥቃቅን አረፋ ማውጣት ይጀምራል፣ ከእንጨቱ የሚወጣው አየር ነው፣ ሰዓቱ ያ ነው፣ አረፋው እንደታየ ሙቀቱን ራቅ አድርጎ ለትንሽ ጊዜ መተው፣ ከዛ ገና ሙቅ እያለ በጥጥ ጨርቅ ጠረግ። አረፋው አልፎ ጭስ ከመጣ በዝቷል ማለት ነው። በርቹ የመጀመሪያውን ዙር እንዳለ ጠጣው፣ ጨርቁ ላይ የመጣው ኢምንት ነው፣ ቀለሙ ግን ገና ብጭጭ ያለ ቡናማ፣ ከጫማው ስር ነጣ ነጣ ያለ ቦታ ቀርቷል። በማግስቱ ሌላ ስስ ዙር፣ ያኔ ጨርቁ ብዙ መመለስ ጀመረ፣ ይሄ ነው ምልክቱ፣ እንጨቱ በቃኝ ሲል ታሩ ጨርቁ ላይ ይመለሳል። እሷ «አንድ ዙር እንጨምርለት፣ ይጥቆርልኝ» አለች፣ አይሆንም እህቴ አልኳት፣ ላዩ ላይ የቀረ ታር የሚጣበቅ ሽፋን ይሆናል፣ ቆሻሻ ይሰበስባል፣ የመንገዱን የዛፍ ፍርፋሪ ሁሉ ተሸክመሽ ትሄጃለሽ። መጨረሻ ላይ መዳፍ ሶሉ ላይ ጫን ተደርጎ ሲነሳ መጣበቅ የለበትም፣ እጅ ላይ ቀለም ብዙ ካስቀረ አሙቀህ እንደገና ጥረገው።

የጠረግንበትን ጨርቅ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ብዙ ሰው ታርን ከተልባ ዘይት ጋር ቀላቅሎ ነው የሚጠቀመው፣ የተልባ ዘይት ያለበት ጨርቅ ተጠቅልሎ ቅርጫት ውስጥ ከተጣለ ማንም ሳይነካው ራሱን አሙቆ ሊነድ ይችላል። እኛ ዘይት አልቀላቀልንም፣ ቢሆንም ጨርቁን ውጪ ዘርግተን አድርቀን ነው የጣልነው።

ታሩ ከተረጋጋ በኋላ ሰም። የእንጨት ስኪ ላይ መያዣ ሰሙ እንደ ፕላስቲኩ መሃል ላይ ብቻ አይቀባም፣ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ይሄዳል፣ ከጫማው ስር ወፈር ይላል። ስስ ቀብቶ በቡሽ ማሸት፣ እንደገና ስስ። ለብርዱ አረንጓዴ፣ ከዜሮ በታች ለሆነው መካከለኛ ቀን ሰማያዊ፣ ዜሮ አካባቢ ቫዮሌት፣ ከዜሮ በላይ ቀይ፣ ጨዋታው ይሄ ነው። የፕላስቲክ ስኪ መንሸራተቻ ፓራፊን ግን በጭራሽ እዚህ እንዳይገባ፣ እንጨቱ ውስጥ ከገባ የሚቀጥለውን ታር አያስገባም።

የወጣንበት ቀን ከዜሮ በታች 6 ነበር፣ በረዶው ቆየት ያለ፣ ሰማያዊ ሰም። ያችው ዳገት ላይ እሷ ቀድማ ወጣች፣ ስኪው ያዘ፣ ወደ ኋላ ያለ ነገር የለም። ሜዳው ላይ አቁመን ገልብጠን አየን፣ ሶሉ ንጹህ ነው፣ ሰሙም እንዳለ አለ፣ ጓል የለም። ፍጥነቱ? ፕላስቲክ ያደረገ ሁሉ አለፈን፣ ህጻናት ሁሉ፣ ቁልቁለቱ ላይ ልዩነቱ በደንብ ይታያል። ክብደቱም አለ። ይሄን ማንም እንዳይዋሻችሁ፣ ታር ስኪን ፈጣን አያደርግም፣ እንዲሰራ ነው የሚያደርገው።

እኔን የበለጠ ያስደሰተኝ ግን ሌላ ቀን ነው፣ ሙቀቱ ዜሮ ላይ የተሰቀለበት፣ አዲስ እርጥብ በረዶ እየወረደ ያለበት። በዚህ ቀን ሶሉ ላይ ቅርፊት የተቀረጸበትን ሰም የማይፈልገውን ፕላስቲክ ስኪ ያደረጉት እየቆሙ በረዶ ሲያራግፉ ነበር። ጓደኛዬ ቫዮሌት ቀብታ እንጨቱ ላይ ሄደች፣ አማቷ ከኋላ እየመጡ እያዩ ነበር፣ ምንም አላሉም፣ ስኪውን ከእግሯ አስወልቀው ገልብጠው አፍንጫቸው ጋ አስጠግተው አሸተቱት፣ ከዛ ታሩን ከየት እንደገዛን ጠየቁ። እሳቸውም ምድር ቤት አንድ ጥንድ አላቸው።

ሙሉ በሙሉ ድኗል ግን አልልም። ያቺ ቀኝ ተረከዝ አካባቢ የቀረችው ጭረት እርጥቡ ቀን ላይ ራሷን አሳየች፣ ሰሙ እዛች ጋ ብቻ ተልጧል፣ ዳርና ዳሯ ላይ ስስ በረዶ ይዟል። ቫርኒሹ በርቹ ውስጥ ጠልቆ ነው የደረቀው። ቤት ስንመለስ እሷን ቦታ ብቻ ሰሙን አንስተን፣ በሂት ጋን አለስልሰን በስክሬፐር ጫፍ ፈልቅቀን፣ ታር መለስንባት፣ ቀለሟ አሁንም ከሌላው ነጣ ያለ ነው። ምናልባት በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየተነሳ ይሄዳል፣ ካልሆነም ስኪው ከነሷ ይሄዳል።

በነገራችን ላይ እዚያው ኡሜኦ ውስጥ የቬስተርቦተን ሙዚየም አለ፣ ካልቭትሬስክ ከሚባል ቦታ በ1924 የተገኘ የፓይን እንጨት ስኪ እዛ ይታያል፣ ዕድሜው ወደ 5200 ዓመት ነው። ጓደኛዬ ካየችው በኋላ የሷን ጥንድ አሮጌ ማለት አቁማለች።

አሁን ስኪዎቹ ያሉት ብርዱ መካከለኛ የሆነ መጋዘን ውስጥ ነው፣ ሶል ለሶል ተገጥመው፣ አፍንጫና ጭራቸው ታስሮ፣ ቅስቱ እንዳይሞት መሃላቸው ትንሽ ቁራጭ እንጨት ገብቶ። ወቅቱ ሲያልቅ ሰሙ ተነስቶ ጠብታ ይደረግባቸዋል፣ ውሃው የቆመበት ይተዋል፣ የጠጣበት ብቻ ታር ይቀባል፣ ሙሉውን በየዓመቱ ማቃጠል አያስፈልግም። አማቷ ደግሞ የራሳቸውን ጥንድ ይዘው ሊመጡ ነው፣ በስልክ ጠብታውን ሞክሩት ብያቸው ሞከሩ፣ የሳቸው ሂኮሪ የሚባል ሌላ እንጨት ነው፣ ቫርኒሽ የለውም፣ ግን አንድ ሰው የሆነ ዘመን ላይ ሶሉን ቀይ ቀለም ቀብቶታል።